ከሌላ የትምህርት መስክ ተነሥቶ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ለመሆን፦ ማስተርስ ወይስ ዶክትሬት፣ ቀድሞስ ምን መጣራት አለበት?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የመጀመሪያ ዲግሪዬን በሳይኮሎጂ ከያዝሁ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ ከዚያ ወዲህ የአካልና የዕድገት ጉዳት ያለባቸው ሕፃናት በሚውሉበት ማዕከል በረዳትነት እሠራለሁ። ወደ ኦኩፔሽናል ቴራፒ፣ ማለትም ሕመም ወይም ጉዳት ያለበት ሰው የዕለት ተዕለት ተግባሩን ራሱ እንዲያከናውን ወደሚያግዘው ሙያ፣ ልቤን የሳበው ግን ሥራዬ ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት አባቴን ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ ዝሎ ነበር። ፊዚዮቴራፒስቱ ቆሞ እንዲራመድ ሲያግዘው ቆይቶ፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒስቷ በመጣችበት በመጀመሪያው ቀን አጠገቡ ቁጭ ብላ «ጠዋት ሲነሡ ያለ ሰው እርዳታ ማድረግ የሚፈልጉት ነገር ምንድን ነው?» ስትል ጠየቀችው። እስከዚያ ቀን ከእኛ ጋር እንኳ ብዙ የማይነጋገረው አባቴ ጥቂት አስቦ «ሸሚዜን ራሴ መቆለፍ» አላት። ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት በሙሉ በዚያ ሸሚዝ ዙሪያ የተሠራባቸው ነበሩ፤ እኔም የምፈልገው ሙያ ይህ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አሁን ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ለማመልከት እየተዘጋጀሁ ሳለሁ ግራ የሚያጋቡ ነገሮች በዙብኝ። አንዳንዱ ፕሮግራም ማስተርስ ይሰጣል፣ አንዳንዱ ዶክትሬት ይላል፣ ሁለቱም ግን «ወደ ሙያው ያስገባል» ብለው ይጽፋሉ። ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው? የሳይኮሎጂ ዲግሪ ይዞ መግባትስ ይቻላል ወይስ ከጤና መስክ የመጡት ብቻ ናቸው የሚፈለጉት? የተግባር ልምምዱ ምን ይመስላል? በአንድ አገር ተምሬ ወደፊት በሌላ አገር መሥራት ብፈልግ ትምህርቴ ተቀባይነት ይኖረዋል? በመንገዱ ያለፋችሁ ወይም አሁን ላይ ያላችሁ ብትመልሱልኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ምላሽ፦ በሙያው አሥራ አራት ዓመት የሠራ፣ የተማሪዎች የተግባር ልምምድ ተቆጣጣሪ

ውድ እህታችን፣ አባትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎት። ጥያቄዎችዎን በቅደም ተከተል ከመመለሴ በፊት፣ እርስዎ ያላነሡትን ነገር ግን ከሁሉ በፊት መጣራት ያለበትን አንድ ጉዳይ ላንሣ።

«ማስተርስ በኦኩፔሽናል ቴራፒ» የሚለው ስም ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ትምህርቶች የሚጠሩበት ነው። አንደኛው ወደ ሙያው መግቢያ ሲሆን፣ በሌላ መስክ የተመረቀ ሰው ገብቶበት፣ የተግባር ልምምዱን ጨርሶ፣ ለሙያ ፈቃድ የሚያበቃው ነው። ሁለተኛው ቀድሞውኑ ቴራፒስት የሆነ ሰው ዕውቀቱን የሚያሰፋበት ነው፤ ይህኛው የተግባር ልምምድ ላይኖረው ይችላል፤ ለእርስዎም ፈቃድ አያሰጥዎትም። በዶክትሬቱም በኩል እንደዚሁ ሁለት ዓይነት አለ። ከዓመታት በፊት በእኔ ቁጥጥር ሥር ልምምድ ያደረገች አንዲት ጎበዝ ተማሪ መጀመሪያ የገባችበት ትምህርት በስሙ ከሙያው ጋር በጣም የሚቀራረብ ነበር። ፈቃድ እንደማያሰጥ ያወቀችው ግን ሦስተኛውን ሴሚስተር ስትጀምር ነው። አንድ ዓመት ባክኖባት እንደገና ከሀ ብላ ጀመረች። የማስታወቂያው ገጽ ዋሽቷት አልነበረም፤ ትክክለኛውን ጥያቄ የሚጠይቅላት ሰው አጥታ ነው። ስለዚህ ለሚያመለክቱበት ለእያንዳንዱ ፕሮግራም «ከዚህ የሚመረቅ ሰው፣ ሌላ ዲግሪ ሳይጨምር፣ ለሙያ ፈቃድ መመዝገብ ወይም ለፈተና መቀመጥ ይችላል ወይ?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይያዙ። ከዚያም ፕሮግራሙን አውቃለሁ የሚለውን እውቅና ሰጪ አካል ዝርዝር በራስዎ ዓይን ይመልከቱ።

ወደ ማስተርስና ዶክትሬት ስንመጣ፣ መልሱ እንደ አገሩ ይለያያል። በብሪታንያና በአውስትራሊያ በመጀመሪያ ዲግሪም ወደ ሙያው ይገባል፤ እንደ እርስዎ ሌላ ዲግሪ ያለው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት በሚወስድ ማስተርስ ይገባል። በካናዳ መግቢያው ማስተርስ ነው። በአሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ እውቅና የሚሰጠው ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ለሆኑ ፕሮግራሞች ብቻ ሲሆን፣ ማስተርስም ሆነ የመግቢያ ዶክትሬት ያለው ሰው ለአንድ ዓይነት ብሔራዊ ፈተና ተቀምጦ አንድ ዓይነት ፈቃድ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 የእውቅና ምክር ቤቱ ከ2027 ጀምሮ መግቢያው ዶክትሬት ብቻ እንዲሆን ወስኖ ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ውሳኔው ግን እንዲቆም ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለቱም መንገዶች ጎን ለጎን እንዲቀጥሉ ሆነ። ይህን የምነግርዎት እስከ ዛሬ ድረስ «ማስተርስ ሊቀር ነው፣ ቶሎ ወደ ዶክትሬት ግቡ» የሚሉ የቆዩ ጽሑፎች ሰውን ስለሚያስደነግጡ ነው።

የመግቢያው ዶክትሬት ከማስተርሱ የሚለየው በዋናነት በመጨረሻው የአሥራ አራት ሳምንት የካፕስቶን ሥራ ነው። ተማሪው አንድ ጉዳይ መርጦ፣ ለምሳሌ በፕሮግራም ዝግጅት፣ በአመራር፣ በምርምር ወይም በጥልቅ የሕክምና ክህሎት ላይ፣ ጠለቅ ብሎ ይሠራበታል። ይህ ዶክትሬት ከፒኤችዲ ጋር አንድ አይደለም፤ ፒኤችዲ ተመራማሪ የሚያፈራ ሲሆን ይኸኛው ባለሙያ የሚያፈራ ነው። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ በሽተኛ አጠገብ ለመሥራት ለሚፈልግና ለተጨማሪው ጊዜና ወጪ ሌላ ምክንያት ለሌለው ሰው ማስተርሱ ይበቃዋል። ከሁለቱም መንገድ የመጡ ተማሪዎች በእጄ አልፈዋል፤ በመጀመሪያው የሥራ ዓመት ማን ከየትኛው እንደመጣ ከአሠራራቸው ለይቼ አውቄ አላውቅም።

ምላሽ፦ የሁለተኛ ዓመት የማስተርስ ተማሪ

እኔም እንደ እርስዎ ከሳይኮሎጂ ነው የመጣሁት፤ ስለዚህ በዚያ በኩል አይስጉ። ፕሮግራሞቹ የሚያዩት የዲግሪዎን ስም ሳይሆን ቅድመ ሁኔታ የሆኑትን ኮርሶች ማሟላትዎን ነው። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ከሚጠይቋቸው ውስጥ ስታቲስቲክስ፣ የዕድገት ሳይኮሎጂና ስለ አእምሮ ሕመሞች የሚያስተምረው ኮርስ በእጅዎ ይኖራሉ። የሚጎድልዎት ምናልባት አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ነው፤ እርሱም ከነላብራቶሪው ይፈለጋል። የቆየ ኮርስ የማይቀበሉ ፕሮግራሞች ስላሉ፣ የወሰዱበትን ዓመት አስቀድመው ያጣሩ። ብዙዎቹ በተጨማሪ ቴራፒስት ሲሠራ የተመለከቱበትን ሰዓት የሚገልጽ ማስረጃ ይጠይቃሉ። በማዕከሉ የሚሠሩት ሥራ ለማመልከቻ ደብዳቤዎ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሆኖም ቴራፒስት በሌለበት የሠሩት ሰዓት እንደ ምልከታ ላይቆጠርልዎት ይችላል።

አናቶሚውን አቅልለው እንዳያዩት እለምንዎታለሁ። እኔ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ያለፍሁት በጭንቅ ነበር። ከአንገት ተነሥተው በብብት በኩል ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮች እንዴት እንደሚቀላቀሉና እንደሚለያዩ በወረቀት ላይ ደጋግሜ እየሣልሁ ያደርሁባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ነገር ግን ያን ሳያውቁ፣ አንድ ሰው የቀለበትና የትንሿ ጣቱ ስሜት ሲጠፋ ችግሩ በየትኛው ነርቭ ላይ እንደሆነ ወይም የተሠራለት ስፕሊንት (እጅን የሚደግፍ ማሰሪያ) የት ላይ ሊጫነው እንደሚችል ማወቅ አይቻልም።

ከሁሉ በላይ አስተሳሰቤን የለወጠው ግን የተግባር ትንተና የሚባለው ትምህርት ነው። የመጀመሪያው የቤት ሥራችን የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍን መተንተን ነበር፤ የአባትዎን ታሪክ ሳነብ የደነገጥሁትም ለዚህ ነው። አንድ ገጽ ይበቃዋል ብዬ ተቀምጬ ስድስት ገጽ ጻፍሁ። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ቁልፉን በጠርዙ ይይዙታል፤ ሌላው እጅ የቀዳዳውን ጨርቅ ወጥሮ ይጠብቃል፤ ቁልፉ ግማሽ ድረስ ሲገባ የመጀመሪያው እጅ ለቅቆ ሁለተኛው ይቀበለዋል። የአንገቱን ቁልፍ ዓይን ስለማያየው ሥራው በሙሉ በጣት ስሜት ላይ ይወድቃል። ይህ የእጁ ክፍል ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ትኩረት አለ፣ ቅደም ተከተል አለ፣ ተቀምጦ ሚዛን መጠበቅ አለ፣ የቁልፉ መጠንና የጨርቁ ዓይነት አለ፤ ሰውየው ሸሚዙን ለብሶ ወዴት ሊሄድ እንደሚፈልግም አለ። መምህራችን ወረቀቱን ስትመልስልኝ «ሰውየው የት አለ?» ብላ ከዳር ጽፋበት ነበር፤ ስድስት ገጽ ሙሉ ስለ ጣት ጽፌ ስለ ለባሹ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረኝ።

ከላይ ከጻፉት ታላቅ ወንድማችን ጋር በአንድ ነገር ላይ ብቻ አልስማማም። በማስተማር ወይም አዲስ አገልግሎት በማቋቋም መሥራት የሚፈልግ ሰው ካለ፣ የካፕስቶኑ አሥራ አራት ሳምንት ቀላል ነገር አይደለም። በሥራ ላይ ሆኖ እንዲህ ያለ ጊዜ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ፍላጎቱ ከወዲሁ ያለው ሰው በትምህርት ላይ ሳለ ቢጠቀምበት ይሻላል ብዬ አስባለሁ።

ምላሽ፦ በአንድ አገር ተምራ በሌላ አገር የምትሠራ

አገር ስለመለወጥ ለጠየቁት እኔ ልመልስ። እ.ኤ.አ. በ1952 የተመሠረተው የዓለም የኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች ፌዴሬሽን ለትምህርቱ ዝቅተኛ መለኪያ አውጥቷል፤ ከመለኪያዎቹ በጣም የታወቀው እያንዳንዱ ተማሪ ቢያንስ 1,000 ሰዓት ክትትል የሚደረግበት የተግባር ልምምድ እንዲኖረው የሚጠይቀው ነው። ፌዴሬሽኑ ያጸደቀው ፕሮግራም መማር ለወደፊቱ ብዙ በር ይከፍታል። ነገር ግን ማጽደቁ ፈቃድ አይደለም። ፈቃዱን የሚሰጠው የየአገሩ አካል ነው፤ ለምሳሌ በብሪታንያ የጤናና የእንክብካቤ ሙያዎች ምክር ቤት የሚባለው መዝጋቢ ነው፤ በአሜሪካ ደግሞ በውጭ የተማረ ሰው ለፈተና ከመቀመጡ በፊት ትምህርቱን ብሔራዊው የማረጋገጫ ቦርድ ይመረምረዋል፣ ከዚያም ፈቃዱን የሚሰጠው ክፍለ ግዛቱ ነው። የቋንቋ ፈተናም ሊጠየቁ ይችላሉ።

እኔን ያጋጠመኝን ልንገርዎት። ትምህርቴን በጥሩ ውጤት ጨርሼ ከአራት ዓመት በኋላ ማመልከቻዬን ሳስገባ፣ መርማሪዎቹ የጠየቁኝ የውጤት ወረቀቴን ብቻ አልነበረም። በእያንዳንዱ የልምምድ ቦታ ስንት ሰዓት እንደሠራሁ፣ በየትኛው የዕድሜ ክልል ካሉ ሰዎች ጋር፣ በማን ተቆጣጣሪነት እንደሆነ የሚገልጽ የተፈረመበት ማስረጃ ፈለጉ። የተማርሁበት ተቋም በዚያ ዝርዝር ደረጃ አልመዘገበውም ነበር፤ ከተቆጣጣሪዎቼም አንዷ ሥራ ለቅቃ አድራሻዋ ጠፍቶ ነበር። ሰዓቱን ለማስመስከር ብቻ ሰባት ወር ፈጀብኝ፤ እነዚያ ወራት ሥራ የሌለኝና ገንዘቤ የሚያልቅባቸው ወራት ነበሩ። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው የልምምድ ሳምንት ጀምሮ ሰዓትዎን መዝግበው በየሳምንቱ ያስፈርሙ፤ የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር መግለጫም ከነዓመተ ምሕረቱ ያስቀምጡ።

ሌላው፣ ልምምዱ የተለያየ እንዲሆን ይጠይቁ። ሦስቱንም ልምምዴን ሆስፒታል ውስጥ ከአዋቂ ሕሙማን ጋር ማሳለፌ ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን ከሕፃናትና ከአእምሮ ጤና ጋር ልምድ እንደሌለኝ ተቆጥሮብኛል።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ልምምዱ በሳምንት ሲቆጠር ምን ያህል ነው፣ እየሠሩስ መማር ይቻላል? ሁለተኛው ትንሽ የሚከብደኝ ጥያቄ ነው። ከሳይኮሎጂ የመጣሁ በመሆኔ፣ በሙያው ውስጥ እንደ እንግዳ የምታይ ይመስለኛል፤ ደግሞም የአባቴ ነገር ገና ያልሻረልኝ ስለሆነ ስትሮክ ከመታው ሰው ፊት ስቀመጥ ስሜቴን መቆጣጠር እንዳያቅተኝ እፈራለሁ።

ምላሽ፦ የተግባር ልምምድ ተቆጣጣሪው

በአሜሪካ መለኪያ በትምህርቱ መካከል ከሚደረገው አጫጭር ልምምድ ሌላ፣ በመጨረሻ ቢያንስ 24 ሳምንት የሙሉ ጊዜ ልምምድ አለ፤ ብዙ ጊዜ በሁለት የአሥራ ሁለት ሳምንት ክፍል ተከፍሎ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይሠራል። በዚያን ጊዜ ሌላ ሥራ እሠራለሁ ብለው አያስቡ። ቀኑን ከሕሙማን ጋር ውለው ማታ የየዕለቱን ማስታወሻና የነገውን ዕቅድ ይጽፋሉ። ከዚያ በፊት ባሉት ሴሚስተሮች የተወሰነ ሰዓት የሚሠሩ ተማሪዎች አይቻለሁ፤ ያለ ችግር ነበር ግን አልልም።

እንግዳ ስለመሆን ግን ፈጽሞ ተሳስተዋል። ይህ ሙያ የተወለደው በአእምሮ ጤና ቤት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 ኒውዮርክ ውስጥ በክሊፍተን ስፕሪንግስ ተሰብስበው የመጀመሪያውን የአሜሪካ የሙያ ማኅበር ካቋቋሙት መካከል ዊሊያም ደንተን የአእምሮ ሐኪም ነበር፤ ኤሊነር ክላርክ ስሌግል ደግሞ በአእምሮ ሐኪሙ በአዶልፍ ማየር ክሊኒክ ትሠራ የነበረች ናት። በብሪታንያም የመጀመሪያውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1930 በብሪስቶል የከፈተችው ኤሊዛቤት ካሰን በአእምሮ ሕክምና የሠራች ሐኪም ነበረች። እርስዎ በማዕከልዎ ስሟን ሳይሰሙ የማይቀሩት፣ የስሜት ሕዋሳት መልእክት በአንጎል ውስጥ እንዴት እንደሚቀናጅ የመረመረችው ጂን አይረስም ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ሆና ሳለ ፒኤችዲዋን የሠራችው በትምህርት ሳይኮሎጂ ነው።

ስለ አባትዎ ላነሡት ደግሞ ይህን ልጨምር። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ጆርጅ ባርተን አርክቴክት ነበር፤ በሕመም ምክንያት የገዛ ግራ ጎኑ ሽባ ሆኖበት፣ በቤትና በአትክልት ሥራ ራሱን መልሶ ሲያቋቁም ያየውን ነው ወደ ማኅበሩ ይዞ የመጣው። የራስን ወይም የቤተሰብን ሕመም ይዞ ወደዚህ ሙያ መምጣት አዲስ ነገር አይደለም፤ ነውርም አይደለም። እንደ ተቆጣጣሪ የምጠይቅዎት ግን ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት እንዲነግሩኝ ነው። አንድ ተማሪዬ ሳይነግረኝ ቀርቶ፣ ከእናቱ ጋር አንድ ዓይነት ሕመም ያላቸውን ሴት እንዲለማመዱ በማድረግ ፈንታ ሁሉንም ነገር ራሱ ይሠራላቸው ነበር፤ ፀጉራቸውን ያበጥራል፣ ውኃውን ያቀብላል፣ ጫማቸውን ያጠልቃል። ሴትዮዋ ወደዱት፣ እጃቸው ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ምንም አልሠራም። ነገሩን ሲነግረኝ መጀመሪያ ወደ ሌላ ክፍል አዛወርሁት፤ ከወር በኋላ መለስሁት፤ በሁለተኛው ጊዜ እጆቹን ከኋላው አጣምሮ መቆም ችሎ ነበር። እርስዎ ልብ እንዲሉ የምፈልገው ይህን ነው፦ ትምህርት ቤት ሲመርጡ ከሕንፃውና ከስሙ ይልቅ የልምምድ ተቆጣጣሪዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ አንድ ተቆጣጣሪ ስንት ተማሪ እንደሚይዝ፣ ተማሪ ሲቸገር ማን ዘንድ እንደሚሄድ ይጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ የተብራራ መልስ የማይሰጥ ፕሮግራም ላይ እኔ ልጄን አልልክም።

ጠያቂዋ

ዛሬ ማለዳ ከሥራ በፊት ተነሥቼ፣ እህታችን ስድስት ገጽ ጻፍሁ ያሉትን አስታውሼ፣ አባቴን አጠገቡ ሆኜ ሳልነካው ተመለከትሁት። መጀመሪያ የዛለውን ግራ እጁን በቀኙ ይዞ ወደ እጅጌው ከተተው፤ ከዚያ ቀኙን አስገባ። ቁልፉን ከላይ ሳይሆን ከታች ጀመረ፣ የታችኛውን ስለሚያየው ነው ብዬ ገመትሁ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጨርቁ ከግራ ጣቶቹ አመለጠውና እጄ ሳላዝዘው ወደ እርሱ ተዘረጋ፤ መለስሁት። አምስቱን ቁልፎች በአሥራ አንድ ደቂቃ ጨረሰ። የአንገቱን ተወው፤ «እርሱን ቴራፒስቷ ስትመጣ» አለኝ።

ለሦስት ፕሮግራሞች የፈቃዱንና የተቆጣጣሪዎቹን ጥያቄ ጽፌ ልኬአለሁ። የአናቶሚውን ኮርስ ከላብራቶሪው ጋር በሚቀጥለው ሴሚስተር እጀምራለሁ። መልስ ሲመጣልኝ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።